በሦስት ሎት የተገዛው ማሽን

በጡረታ በተሸኘሁበት ዕለት መሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀትና የእጅ ሰዓት ሸለመኝ። ኃላፊያችን ወይዘሮ አስቴር ተነሥተው፣ ጋሽ ታደሰ ያላዩት ዕቃ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም ብለው አመሰገኑኝ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ ሰዓቱን ገልብጬ ጀርባውን እያየሁ ነበር። ትክክለኛ ይሁን ተመሳስሎ የተሠራ ለመለየት ነው። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን አንባቢ ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል።

ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁሉንም በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ከአዋሽ ዳር ወደ ባቱ፣ ከባቱ ደግሞ ወደ አዳማ። ሥራዬ በአጭሩ ዕቃ መጠርጠር ነበር። የመለኪያ መሣሪያ ጠርጥሬአለሁ፣ ማቀዝቀዣ ጠርጥሬአለሁ፣ በመጨረሻም ኮምፒውተር። ሰውን ግን ሳይከፈለኝም እጠረጥር ነበር። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለው ተረት ለሌላው ምክር ነው፤ ለእኔ የሥራ መመሪያዬ ነበር። ደመወዜ ያደገው፣ ሹመትም የመጣልኝ በዚሁ ጠባይ ስለሆነ የምተውበት ምክንያት አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ግን ለምስጋናው ብዬ አይደለም። ሲያጨበጭቡልኝ በሐሳቤ የነበረችው በአዳራሹ ውስጥ ያልነበረች አንዲት ሴት ናት።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመምህሬ ልጀምር። ኦቦ ገመቹ በአዋሽ ዳር በአንድ ፋብሪካ የመለኪያ መሣሪያዎች ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ የተመደብኩት በእሳቸው ሥር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ጠዋት "አካም ቡልቴ" ብለው እያንዳንዳችንን ይጨብጡና ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ብዙም አይናገሩም።

አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ሌላው መፍቻ ይዞ ሲሮጥ እሳቸው መጀመሪያ ነጭ አቡጀዲ ያነጥፋሉ። የፈቱትን ሁሉ፣ ትንሿን ብሎን ሳይቀር፣ በተፈታበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ሦስት ጊዜ ይለካሉ፤ አንዴ ቀዝቃዛ ሳለ፣ አንዴ ፀሐይ ላይ አስጥተው ካሞቁት በኋላ፣ አንዴ ደግሞ በመፍቻው እጀታ በስሱ እየመቱት። ተደብቆ የኖረ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ላይ ይያዛል። የበራ አምፖል ካዩ አያምኑትም፤ ነቅለው ሌላ ይሰኩበታል። እጃቸው ላይ ቅባት ካለ ወረቀት አይነኩም፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ልኬት ደግሞ እንዳልተለካ ነው። ብዙ ጊዜ ያ አቡጀዲ ሳይታጠፍ ቀኑ ይመሽ ነበር፤ እኔም በችኮላዬ እናደድ ነበር።

"ሱታ" ይሉኛል ያኔ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። "ዕቃ አይዋሽም። ለብቻው አስቀምጠህ ከጠየቅኸው እውነቱን ይነግርሃል። የሚዋሸው ሰው ነው።"

ይህን ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እኩል ያዝኩት። ለወንጌላውያን ቤተሰብ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባቱ ስሄድ ቃሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት። አበባ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ እርሻ የቀዝቃዛ ክፍሎቹን መቆጣጠሪያ እንድጠብቅ ቀጠረኝ። የአንደኛው ክፍል መዝገብ ለሳምንታት አንድ እንከን አልነበረውም፤ ሙቀቱ ከጠዋት እስከ ማታ ቀጥ ያለ መስመር ነው። አበባው ግን ይጠወልጋል። አለቃዬ የነበረው ሰው ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ከአበባው ነው አለ። እኔ ደግሞ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር እግዜር አልፈጠረም ብዬ ክፍሉን ፈተሽኩት። የሙቀት መለኪያው ዘንግ በረዶ ውሃ በተሞላ ጆግ ውስጥ ተነክሮ አገኘሁት። በር በተከፈተ ቁጥር ደወሉ እየጮኸ ያስቸገረው አንድ የጭነት ሠራተኛ ነው የነከረው። መለኪያው የጆጉን ውሃ ሙቀት በታማኝነት ሲናገር ነበር የከረመው። ዕቃው አልዋሸም፣ ሰው ነው የዋሸው። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያለ መስመር ሳይ ሰው ፍለጋ ዞር ዞር ማለት ልማዴ ሆነ።

አዳማ የገባሁበት መሥሪያ ቤት የሰብል ዘር የሚያወዳድር ነው፤ ስሙን አልጠራም። በመልካሳ መስመርና በአቦምሳ በኩል የሙከራ ማሳዎች ነበሩት። ሥራው ድርቅ የሚችለውን የቦሎቄ ዘር መለየት ነው። ከየማሳው የተነሣ የቅጠል ፎቶ በብዙ ሺህ ይመጣል፤ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ቅጠል አይቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ዘሮቹ በነጥብ ይደረደራሉ። የድሮው ማሽን ቀን ሙሉ እየሠራ እንኳን አይደርስበትም ነበር። አዲስ እንዲገዛ ሲወሰን የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የአድራሻ ቁጥሮች አሉት። ቁጥሩ ግን እውነተኛው ቦታ አይደለም። ፕሮሰሰሩ መዝገብ ገልጦ፣ ይህ ቁጥር ዛሬ እዚህ ቦታ ነው ያለው ብሎ ይተረጉመዋል። ሜሞሪው ሲጣበብ ገጽ የሚባሉትን የመረጃ ክፍሎች ከቦታ ቦታ ያዛውራል፣ መዝገቡንም ያርማል። ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚባለው ይህ ነው። ፎቶ የሚያሰላው ካርድ ድሮ ይህን መዝገብ አያውቅም፤ ስለዚህ ሥራውን ወደ ካርዱ ጓዳ እየገለበጥን እንሰጠዋለን፣ ሲጨርስ ገልብጠን እንወስዳለን። ጊዜያችንን የሚበላው ይኸው መገልበጥ ነበር። በአዲሱ አሠራር ካርዱም ከፕሮሰሰሩ ጋር ያንኑ መዝገብ ይጋራል፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው በዚያው አድራሻ ያነበዋል።

ይህ በፕሮግራም ብቻ አይመጣም፤ ዕቃው ራሱ ማሟላት ያለበት ነገር አለ። በካርዱና በሜሞሪው መካከል የሚቆም፣ መዝገቡን የሚያነብ ዘበኛ ያስፈልጋል። ካርዱ ቦታ ሲጠይቅ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚጠይቅ መናገር አለበት። የፈለገው ገጽ በቦታው ከሌለ ሥራውን ከማበላሸት አምጡልኝ ብሎ መጠበቅ መቻል አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው መርሳት ነው። ካርዱ ለፍጥነት ብሎ አድራሻዎችን በቃሉ ይይዛል፤ ገጹ ሊዛወር ሲል "ይህን እርሳ" ይባላል፤ እሱም በእጁ ያለውን ጽሕፈት አድርሶ "ረስቻለሁ" ብሎ መመለስ አለበት። ካልሆነ ተከራዩ ቤት መልቀቁን እንዳልሰማ ባጃጅ ይሆናል፤ ጆንያውን የድሮው በር ላይ አራግፎ ይሄዳል፣ አዲሱ ተከራይም የሰው ዕቃ በሩ ላይ ያገኛል።

መግለጫውን በጥንቃቄ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ግን ልብ በሉልኝ። ግዢ ክፍል ማሽኑ ተገጣጥሞ፣ ተሞክሮ፣ ከአንድ አቅራቢ ይምጣ ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉን ነገር ለአንድ ነጋዴ መስጠት ለመሞዳሞድ በር መክፈት ነው ብዬ ጨረታው በሦስት ሎት፣ ማለትም በሦስት ምድብ፣ እንዲከፈል አደረግኩ። ሰርቨሩ ከነማዘርቦርዱ አንድ ሎት፣ ካርዶቹ አንድ ሎት፣ ካርዶቹ የሚሰኩበት የማስፋፊያ ሳጥን አንድ ሎት። ሦስት የተለያዩ አቅራቢዎች አሸነፉ። አንዳቸው ሌላውን አያውቁትም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ደስታ ነበር።

ዕቃው ሲመጣ የርክክብ ኮሚቴ ሆነን ተቀመጥን። አቡጀዲ አነጠፍኩ። እያንዳንዱን ሎት ለብቻው ከመግለጫው ጋር መስመር በመስመር አመሳከርኩ፣ የመለያ ቁጥሩን በማጉያ መነጽር አየሁ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ሦስት ሦስት ጊዜ ፈተንኩ። ኦቦ ገመቹ ቢያዩኝ ይኮሩ ነበር። ሦስቱን አገጣጥሞ፣ ሜሞሪውን አጣቦ የሚፈትን ቅጽ አልነበረንም፤ ቅጹ የሚሞላው በሎት ነው። ፈረምን፣ ለእያንዳንዱ ሎት የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ተቆረጠ፣ ማሽኑ ሥራ ጀመረ።

ለጥቂት ሳምንታት እንደ ወፍ በረረ። ከዚያ የአቦምሳ ማሳ ነጥብ ያለ ወጉ ከፍ ማለት ጀመረ። ዝናብ ያጠረበት ማሳ ነው፤ አንዳንድ ቀን ግን ቅጠሉ በመስኖ ከሚጠጣው የመልካሳ መስመር ማሳ እኩል ነጥብ ያገኛል። ሁሌም አይደለም፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ ነው። በዚህ ነጥብ ተይዞ ዘሩ ለገበሬ ቢከፋፈል በድርቅ ዓመት ማሳው ባዶ ይቀራል።

ማሽኑን ፈታሁ። ሦስቱንም ሎት ለየብቻ ፈተንኩ፤ ምንም የለባቸውም። ደገምኩ፤ ምንም የለም። ሠለስኩ። ዕቃው ንጹሕ ከሆነ የቀረው ሰው ነው። የመግቢያ መዝገቡን አወጣሁና ነጥቡ የተዛባባቸውን ቀኖች ማን ማሽኑ ላይ እንደነበረ አየሁ። አንድ ስም ብቻ ነው የወጣው።

ሀዊ ትባላለች። በኮንትራት የተቀጠረች ተመራማሪ ናት፤ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ከፎቶዎቹ ጎን ትልቁን የማሳ ካርታ እየከፈተች የምትሠራ እሷ ብቻ ነበረች። የተወለደችው አቦምሳ ነው፣ አባቷም እዚያው ቦሎቄ ዘሪ ናቸው። ይህን ሳውቅ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። የአገሯን ዘር ልታስበልጥ ነው አልኩ። ሰላምታዋ ሳይቀር የሚያጠራጥር ሆነብኝ፤ ዝም ስትል ተንኮል፣ ፈገግ ስትል ማሾፍ ይመስለኛል። የምንጸልየው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሑድ ከመዘምራን መካከል ቆማ ሳያት እንኳን በዓይኔ እመረምራት ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ለወይዘሮ አስቴር ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። የመሣሪያዎቹ ጤንነት ተረጋግጧል፣ በውጤቱ ላይ የሰው እጅ እንዳለበት ይገመታል የሚል ነው። የሀዊን ስም በቀጥታ አላነሣሁም፤ የመግቢያ መዝገቡን ግን አያይዣለሁ፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያነበዋል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራት። አላደረግኩም አለች። ማስረጃ አለሽ ወይ ተባለች፤ የላትም። የእኔ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ማንም ሊጠራጠር አልደፈረም። ኮንትራቷ ተቋረጠ። መጽሐፎቿን በሁለት ፌስታል ይዛ ስትወጣ በመስኮት አየኋት፤ ግቢውን ተሻግራ ባጃጅ እስክትይዝ ዞር ብላ አላየችም።

ከሄደች በኋላ ነጥቡ ተስተካከለ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር፤ አንድ ስህተት የለም። ይኸው አልኩ። ወይዘሮ አስቴርም ይኸው አሉ።

በሁለተኛው ወር እንግዶች ሊጎበኙን ስለሆነ የማሳዎቹን ካርታ አዘጋጅ ተባልኩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማሽኑ ፎቶ እያሰላ ሳለ ከጎኑ ትልቁን ካርታ ከፈትኩ። ከምሳ ስመለስ የአቦምሳ ነጥብ እንደገና ያለ ወጉ ከፍ ብሏል። ክፍሉን የቆለፍኩት እኔ፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። የመግቢያ መዝገቡን ከፈትኩ። የወጣው ስም የእኔ ነው።

ቁጭ አልኩ። በሰው ላይ የፈረድኩበት ማስረጃ ይኸው ነበር፤ አሁን በዚያው ማስረጃ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ነገሩን ለማግኘት አሥራ ሰባት ቀን ፈጀብኝ። ካርታው ሲከፈት ሜሞሪው ይጣበባል፣ ፕሮሰሰሩ ገጾችን ማዛወር ይጀምራል፣ ለካርዱም "እርሳ" ይላል። ካርዱ ሐቀኛ ነው፤ መጨረሻ የጻፈውን ልኮ፣ ተከትሎ "ረስቻለሁ" ይላል። መካከል ያለው ሳጥን ግን ጽሕፈቱን አቆይቶ መልሱን ያስቀድማል። ፕሮሰሰሩ መልሱን አምኖ ቦታውን ለሌላ ማሳ ይሰጣል፤ የዘገየው ጽሕፈት ደርሶ እዚያ ላይ ያርፋል። የመልካሳው ነጥብ በአቦምሳው ስም ይመዘገባል። ካርዱን ከሳጥኑ አውጥቼ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ስሰካው ካርታው ተከፍቶም ስህተት የለም። ወደ ሳጥኑ ስመልሰው ስህተቱም ይመለሳል። ሳጥኑን ለብቻው ከድሮ ዓይነት ካርድ ጋር ብትፈትነው ንጹሕ ነው። ለአቅራቢዎቹ ደወልኩ፤ የሳጥኑ ሰውዬ ካርዱ ነው አለኝ፣ የካርዱ ሰርቨሩ ነው፣ የሰርቨሩ ደግሞ ማን ቀላቅል አለህ አለኝ።

ኦቦ ገመቹ በሕይወት የሉም፤ ቢኖሩ እከራከራቸው ነበር። በእሳቸው ዘመን ዕቃ ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውንም ይበላሻል። አንድ ሜሞሪ የሚጋሩ ዕቃዎች ግን ለየብቻ ንጹሕ ሆነው አብረው የሚያጠፉት ጥፋት አለ። ይህን ለማወቅ ጡረታዬ አፋፍ ድረስ መጠበቅ፣ መንገዱ ላይም ሰው መርገጥ አልነበረብኝም።

ለወይዘሮ አስቴር ሁሉንም ጽፌ ሰጠኋቸው። አንብበው ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል፣ ልጅቷም ሄዳለች፣ የተዘጋ ፋይል ባንከፍት አሉኝ። ለእኔም ለስሜ አዝነው ይመስለኛል፤ ያኔ ግን ለራሳቸው ፊርማ ፈርተው ነው ብዬ ጠረጠርኳቸው። ጠባይ ቶሎ አይለቅም። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ፋይሉ ተከፈተ። ሀዊ ከጥፋቱ ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ወጣ። ከዚያው ጋር በራሴ እጅ አንድ ገጽ ጽፌ ላክሁላት። መልስ አልመጣም፤ የምስክር ወረቀቱ፣ ሰዓቱና ጭብጨባው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከተሸኘሁ በሦስተኛው ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍሬ አቦምሳ ሄድኩ። በአንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እንደምታስተምር ሰምቼ ነበር። ከክፍል ወጥታ ከዛፍ ሥር አገኘችኝ፤ እጇ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። ጎንበስ ብላ ጨበጠችኝ፣ የቤተሰቤን ደኅንነት ጠየቀች፣ አግዳሚው ላይ እንድቀመጥ ጋበዘችኝ። በመንገድ ሙሉ ያሰናዳሁት ንግግር ጠፋብኝ።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"ይቅርታዎንስ በደብዳቤው አግኝቼዋለሁ፣ ጋሼ" አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ለእኔ ቁጣው ይሻለኝ ነበር። "አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ማሽኑን ስንት ጊዜ ፈተሹት?"

ለእያንዳንዱ ሎት ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ዘጠኝ ጊዜ አልኳት።

"እኔን አንድ ጊዜ እንኳን አልጠየቁኝም።"

ኮሚቴው ጠይቆሽ የለም ወይ የሚል ቃል ካፌ አመለጠ። እንደወጣም ጸጸተኝ።

"ኮሚቴው አድርገሻል ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ። ከማሽኑ ነው ልል ስል፣ ማሽኑ ጤነኛ መሆኑ በእርስዎ ፊርማ ተረጋግጧል ተባልኩ። ምን አየሽ ያለኝ ሰው የለም።"

የዕረፍት ሰዓት ስለሆነ ግቢው በተማሪ ድምፅ ተሞልቷል። በመጨረሻ፣ በማሽኑ ክፍል ውስጥ ገና በመጀመሪያው ቀን ልጠይቃት የሚገባኝን ጠየቅኋት፤ ምን አይተሽ ነበር አልኳት።

"ትልቁን ካርታ ስከፍት ነው የሚቀላቀለው፤ ስዘጋው ይተዋል። ነጥቡ መዛባት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅሁት።" ጣቶቿ ላይ ያለውን ጠመኔ እያራገፈች ቀጠለች። "ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ሁለቴም ስክሪንዎን ወደ ግድግዳው አዞሩት። የምስጢር ሥራ ይዘዋል፣ ሲጨርሱ ይጠሩኛል ብዬ ተመለስኩ።"

በስክሪኑ ላይ የነበረው በእሷ ላይ የምጽፈው ሪፖርት ነው። ይህን አታውቅም ነበር፤ ነገርኳት።